ሳ ናኔ

የኬንያ የባሕር ጠረፍ ከተማ ወደሆነችው ማሊንዲ በገባን ማግስት መጋረጃውን ስገልጥ ሰማያዊ ባሕር ጠብቄ ነበር። ያየሁት የክረምት ዓባይን ነው። ለካ ከከተማዋ በስተሰሜን የሳባኪ ወንዝ ይገባበታል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከናይሮቢ አካባቢ ጀምሮ ያገኘውን አፈር ጠርጎ እዚህ ይደፋል። እኛ እስከ ሞምባሳ በባቡር፣ ከዚያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ መጣን፤ አፈሩ በውሃ መጣ።

ከተማዋ ጣሊያንኛ ታወራለች። ጣሊያኖች ለአሥርተ ዓመታት እየመጡ ቤት ሠርተውባታል፣ ምግብ ቤት ከፍተውባታል፤ የባሕር ዳር ሻጮችም ቋንቋውን ለምደውታል። አንዱ ልጅ ከሩቅ «ቻው!» አለኝ። ሳንገናኝ የሚሰናበተኝ ገርሞኝ «ቻው» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። እሱ ደግሞ ሰላምታውን የመለስኩለት መስሎት ከነእንጨት ቀጭኔው ተከተለኝ። ጣሊያኖቹ ቻውን ለመገናኘትም ለመለያየትም ይሉታል፤ እኛ የወሰድነው ግማሹን ብቻ ነው። ቀጭኔዋ አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማለች።

የፖርቱጋሉን መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማን ሐውልትም አየን። ሰውየው በ1498 እ.ኤ.አ. እዚህ አርፎ፣ መንገድ የሚያውቅ መሪ ተሰጥቶት ነው ህንድ የደረሰው። በኮራል ድንጋይ የተሠራች ነጭ ሾጣጣ ምሰሶ ናት፣ አናቷ ላይ መስቀል። አምስት ደቂቃ ይበቃታል።

እኔ የጓጓሁት ሚዳ ለሚባለው የባሕር ወሽመጥ ነበር፤ ማንግሮቭ በሚባሉ ባሕር ውሃ ውስጥ በሚበቅሉ ዛፎች መሃል በታንኳ ይኬዳል። ባለታንኳው በስልክ «ነገ ሳ ናኔ» አለኝ። ናኔ ስምንት መሆኑን አውቃለሁ። የፈረንጅ ስምንት ደግሞ የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ስደርስ ሰው የለም። ውሃው ራሱ እየሄደ ነው፤ ዓይኔ እያየ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ታንኳዎቹ ጭቃ ላይ ጋደም ብለዋል። ደወልኩ። ሰውየው ሳቁን መጨረስ አቃተው።

ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫ ነው። ሳ ናኔ ማለት ስምንት ሰዓት፣ ያውም ከምሳ በኋላ ያለው የእኛው ስምንት ሰዓት። ሳልተረጉም ብቀር ኖሮ ልክ ነበርኩ። «አዲስ አበባ የምትቆጥረውን ሰዓት እዚህ መጥተህ ረሳኸው?» አለች ባለቤቴ። ምን ይባላል።

የተረፈንን ግማሽ ቀን ቅርብ ወዳለው ወደ ጌዴ ፍርስራሽ ወሰድነው፤ እውነቱን ለመናገር ከባሕሩ ይልቅ የማልረሳው እሱን ነው። ጫካ ውስጥ የተዋጠ የስዋሂሊ ከተማ ነው፤ መስጊዱ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ጉድጓዶቹ፣ ሽንት ቤቶቹ ሳይቀሩ ከኮራል የተሠሩ። የዛፍ ሥር ግድግዳውን እንደ ጣት ጨብጦታል። ከቁፋሮው የቻይና ሸክላ ወጥቷል። ነዋሪዎቹ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጥለውት ሄዱ፤ ዩኔስኮ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አስጎብኚው «ጌዴ የኦሮሞ ቃል ነው፣ ውድ ማለት ነው» ሲል ኦሮምኛ የምትችለው ባለቤቴ ቀና አለች። «ጋቲ ለማለት ይሆን? ዋጋ?» እያለች ለራሷ አጉረመረመች። ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ዝንጀሮ የምታክል ጥቁር ፊት ጦጣ ሙዟን የነጠቀቻት ያን ጊዜ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሚዳ ተመለስን። ጠዋት በእግር ልንሻገረው እንችል የነበረው ጭቃ የለም፤ ውሃው ሞልቶ የማንግሮቮቹ ሥር ሰጥሟል። ባለታንኳው አንቱ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ቀዘፋውን ወደ ጎን ብለው አንዱን ግንድ አሳዩን፤ አውራ ጣት የምታክል ሸርጣን ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እርምጃ ሽቅብ ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትወጣለች። እኔ ዋና ስለማልችል የታንኳውን ጠርዝ በሁለት እጄ እንደያዝኩ እሷን ሳይ ቆየሁ።

ስንወርድ፣ ወፎቹን ማየት ከፈለግን ነገም እንድንመጣ ነገሩን።

«ስንት ሰዓት አሉ?» አለች ባለቤቴ።

«ሳ ሞጃ» ብለዋል። «አንድ ሰዓት» አልኳት።