ሰው ሁሉ እኔን ያያል የሚለው ሐሳብ

ስብሰባ ላይ የመናገር ተራዬ ሲቃረብ ልቤ ይመታል፣ መዳፌን ያልበኛል፤ ከዚያ ቀድሞ ግን «አሁን ሁሉም ይታዘብሃል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ያዳበረው የአስተሳሰብ ሕክምና (ኮግኒቲቭ ቴራፒ) የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው፤ ሐሳቡን እንደ እውነት ሳይሆን እንደ ግምት ወስዶ ማስረጃውን ይጠይቃል።

እኔን ይበልጥ የጠቀመኝ ግን ከራስ ጋር መከራከሩ ሳይሆን ግምቱን በተግባር መሞከሩ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ በዚያው አቆጣጠር በ1995 እንዳስረዱት፣ በሰው ፊት የሚፈራ ሰው ትኩረቱን ወደ ራሱ ያዞርና ከውስጥ ስሜቱ ተነሥቶ ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት ይደመድማል፤ አንገት መድፋት፣ ንግግርን በልብ መደጋገም፣ ብርጭቆን አጥብቆ መያዝ የመሳሰሉት መከላከያዎችም ፍርሃቱ እንዳይፈተን ያደርጋሉ። ስለዚህ «እጄ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ያፈጥብኛል» ብዬ ግምቴን አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ከዚያም ብርጭቆውን ላላ አድርጌ ይዤ፣ ቀና ብዬ የሰዎቹን ፊት አያለሁ። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላዋ ማስታወሻ ትጽፋለች፤ የሚያፈጥ የለም። (በመስታወት ፊት ቆሞ ራስን ማሞገስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ ብዙም አልሠራም።)

ከስብሰባ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ ማብሰልሰል ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ሲጀምረኝ የጻፍኩትን ግምትና በዓይኔ ያየሁትን ጎን ለጎን አነባለሁ።