ደሜን ከመስጠቴ በፊት አጎቴን ብጠይቅ ኖሮ

ደብረ ብርሃን ላይ ወገቤን አመመኝ ካልክ መልሱ አንድ ነው፤ «ብርድ ነው።» እኔንም 24 ዓመቴ ላይ ሲጀምረኝ ብርድ ነው ተባልኩ። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ያውም ብርድ ልብስ በሚመረትባት ከተማ ተቀምጦ ይህን መካድ ያስቸግራል። ጋቢ ደረብኩ። ቅባት ተቀባሁ። ወጌሻ አሸኝ፤ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ገባሁ። ከዚያ ራጅ፣ «ዲስክ ሳይሆን አይቀርም»፣ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ፣ ከእሱም ጨጓራ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ ነገር ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሕመሙ የሚብሰው ስሠራ ሳይሆን ተኝቼ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰኛል። ጠዋት ካልሲ ለማጥለቅ ጎንበስ ማለት አልችልም። ወዲያ ወዲህ ስል ቀስ በቀስ ይፈታል። የዲስክ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ይህን ሰማችና «አንካይሎሲንግ ስፖንዲላይተስ» የሚባል ነገር ጠረጠረች። የሰውነት መከላከያ በገዛ አከርካሪና ዳሌ መገጣጠሚያ ላይ ሲነሳ የሚመጣ በሽታ ነው። ዝም ከተባለ አጥንቶቹ እስከ መጣበቅ ሊደርሱ ይችላሉ። «ቤተሰብ ውስጥ ይህ በሽታ ያለበት አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኩ። የእናቴ አገር መንዝ ውስጥ ይህን ስም ማን ያውቀዋል?

ከዚህ በሽታ ጋር የሚያያዝ ኤችኤልኤ ቢ27 የሚባል ጂን እንዳለብኝ ለማየት ለደም ምርመራ ተላክሁ። የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሚኒባስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ወረድኩ፤ የወር ደሞዜን ግማሽ ከፍዬ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ መጣ፤ ኔጋቲቭ። ያችን ሐኪም አላገኘኋትም፤ ተዛውራለች። ወረቀቱን ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ያየው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «የለብህም። ጭንቀት ነው። ጠንካራ ነገር ላይ ተኛና እረፍ» አለኝ። ጠቅላላው ምክክር ሻይ ለመጠጣት እንኳ አይበቃም ነበር። እሱን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ መስማት የፈለግኩት ያንኑ ነው። ጣውላ አልጋዬ ላይ አነጠፍኩ። እረፍ ባለኝ መጠን ደርቄ ተነሳሁ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለቤተሰቡ ሁሉ ላክሁ። ታናሽ እህቴ ያኔ ጠዋት ጠዋት ተረከዟን ያማት ጀምሮ ነበር። «ዘራችን ንጹሕ ነው፣ ጫማሽን ቀይሪ» አልኳት። ይቺ ቃል ከወገቤ በላይ ታመኛለች።

ማንም ያልነገረኝ ይኸውና። ቢ27 ከዚህ በሽታ ጋር መያያዙ የታወቀው በ1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አውሮፓውያን ታማሚዎች ዘንድ ከ100ው ወደ 90 የሚጠጉት ይገኝባቸዋል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ጂኑ ራሱ ብርቅ ነው፤ ቢ27 ሳይኖረው የሚታመመው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ለፈረንጅ ትልቅ ነገር የሚናገር ወረቀት ለእኔ ብዙም አይናገርም። ደግሞ በሽታው በአንድ ጂን አይመጣም። ከቢ27 ውጭ ለበሽታው የሚያጋልጡ ከ100 በላይ የጂን ልዩነቶች ተገኝተዋል። እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ጥቂት ጥቂት ነው። በተቃራኒው ቢ27 ኖሮት ዕድሜ ልኩን የማይታመም ይበዛል። የአክስቴ ልጅ ልጆቿን ልታስመረምር ተነስታ ነበር፤ ጤነኛ ልጅ ይዘሽ የትም አትሂጂ ብዬ ከለከልኳት።

በዓመቱ ለተዝካር መንዝ፣ ሞላሌ ሄድን። ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄድ። እርሻ አጎበጠው እንል ነበር። ጠዋት ግድግዳ ተደግፌ ስነሳ አየኝና ሳቀ።

«እኔም በጉብዝናዬ እንዲሁ ነበርኩ» አለ። «ሁለት ትልም ካረስኩ በኋላ ነበር ሰው የምሆን።»

እናቴ ቀጠለች። እሷ ደግሞ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ብርሃን እያስጠላት፣ ሁለት ጊዜ ጨለማ ቤት ተኝታለች። የሰው ዓይን ነው ተብሎ ታልፏል። እንዲህ ያለ የዓይን መቆጣት የዚህ በሽታ ዘመድ መሆኑን ኋላ ነው የተረዳሁት።

ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ተቆጣሁ። እናቴ «መቼ ጠየቅኸን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለነገሩ ብጠይቅም አይነግሩኝም ነበር ይሆናል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንቆጥራለን፤ በዘር ያለ ሕመም ግን ይደበቃል፣ ሴት ልጆች ቆመው እንዳይቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ሄደ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ የዳሌ መገጣጠሚያዬ መቆጣቱ ታየ። መድኃኒት በሐኪም ክትትል፣ በየጠዋቱ ስፖርት። የሰውነት መከላከያን የሚያበርዱ መርፌዎች አሉ፤ ዋጋቸው አይቀመስም፣ ከመጀመራቸውም በፊት ድብቅ ቲቢ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። እህቴም ታይታ ያው በሽታ ተገኘባት፤ የተረከዟ ሕመም ከዚሁ ነበር። ጫማውን ግን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

እኔን ብትሰሙኝ ቅጹ ላይ ያለውን «ቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ በሽታ አለ?» የሚለውን ጥያቄ እንዳለ አትመልሱ። ማን ጎበጠ፣ የማን ዓይን ይቀላል፣ ማን ቆዳው ይላላጣል፣ ማን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመላለስበታል ብላችሁ ጠይቁ፤ እነዚህም የዚህ በሽታ ዘመዶች ሊሆኑ ይችላሉ። አሮጊቶቹን ለብቻቸው፣ ቡና ላይ። ገንዘባችሁ ለአንድ ምርመራ ብቻ ከበቃ ደግሞ ከጂኑ በፊት ኤምአርአዩን ጠይቁ፤ ሐኪሙ ቅር ቢለውም።

ለጋሼ የደሙን ነገር ስነግረው ትንሽ አሰበ።

«ስንት ከፈልክ?»

ነገርኩት።

«በዚያ ብር በግ ገዝተህ ብትመጣ እኔ ጎብጬ አሳይህ ነበር።»