ሰባት የፓርቲ ስም ያለው ሰው፦ የአንድ የደሴ ፖለቲከኛን የሥራ ዘመን እንዴት እንደጻፍኩ

ደሴ ላይ ስለ አንድ ፖለቲከኛ ስትጠይቁ ከታሪኩ በፊት የምትሰሙት ፍርዱን ነው። «እሱ እኮ ከነፈሰው ጋር የሚነፍስ ነው፤ ያልገባበት ፓርቲ የለም» ይባላል። የዚህን ሰው የሥራ ዘመን ለመጻፍ ስነሣ የተሰጠኝ ዝርዝርም ሰባት ስም ነበረው፦ ኢሕአፓ፣ ኢሕዴን፣ ብአዴን፣ መኢአድ፣ ቅንጅት፣ አንድነት፣ ኢዜማ። ኢሕዴንና ብአዴን የኢሕአዴግ ወገን ናቸው፤ ከመኢአድ ወዲህ ያሉት የተቃዋሚው። ተጣርቶ ሲያልቅ፣ ቆሞ የነበረውን ድርጅት ጥሎ ወደ ተቃራኒው ጎራ የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ አሠራሩ ግን ለሌላ ሰውም ስለሚሆን እነሆ።

መጀመሪያ ያደረግኩት አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ማስመር ነው፦ ቀን፣ ድርጅት፣ ወንበር፣ ሹመት፣ ማስረጃ። «ወንበር» የምለው በምርጫ የተገኘውን የምክር ቤት አባልነት ነው፤ «ሹመት» ደግሞ በደብዳቤ የሚሰጠውንና በደብዳቤ የሚነሣውን። ድርጅትን፣ ወንበርንና ሹመትን በአንድ አጠቃሎ የጻፈ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ ምክንያቱም አብረው አይንቀሳቀሱም። ከድርጅቱ የወጣ ሰው ሹመቱን በሳምንቱ ሊያጣ ይችላል። ወንበሩ ግን ሌላ ነገር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንኡስ አንቀጽ 4 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይናገራል፤ ንኡስ አንቀጽ 7 ደግሞ አመኔታ ነስቶ የማንሣቱን ነገር የሚሰጠው ለመራጩ ሕዝብ ነው። ስለዚህ «ከፓርቲው ስለወጣ ከምክር ቤትም ወጣ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታዩ የወንበሩን ማስረጃ ለብቻው ጠይቁ።

ቀጥሎ የድርጅት ለውጡን በዓይነቱ መለየት ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በየለውጡ ጎን አንድ ቃል እጽፋለሁ፦ ስም፣ ክፍፍል፣ ጥምረት፣ ውህደት፣ ወይም ዝውውር።

ኢሕዴን ኅዳር 11 ቀን 1973 ሲመሠረት መሥራቾቹ ከኢሕአፓ የወጡ ታጋዮች ነበሩ፤ ታምራት ላይኔም በረከት ስምዖንም መነሻቸው ያው ነው። ይህ ክፍፍል ነው። ኢሕዴን ጥር 1986 ብአዴን ሲሆን፣ ብአዴንም መስከረም 2011 አዴፓ ሲባል የተቀየረው ስም ነው፤ አባሉ ካለበት አልተነሣም። አዴፓ ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ኅዳር 2012 ወደ ብልጽግና ሲገባ ደግሞ ውህደት ነው። ይህን ያልለየ ሠንጠረዥ ደመቀ መኮንንን እንኳ ሁለት ጊዜ ፓርቲ የቀየሩ ያደርጋቸዋል፤ ሰውዬው ግን ከአንዱ መስመር ንቅንቅ አላሉም።

በተቃዋሚው በኩል ነገሩ ይወሳሰባል። መኢአድ ራሱ ቀድሞ መአሕድ (የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት) ይባል የነበረው ነው። ቅንጅት በ1997 ለምርጫ የተሰባሰቡ የአራት ድርጅቶች ጥምረት ነበር፦ መኢአድ፣ ኢዴአፓ መድኅን፣ ኢዴሊና ቀስተ ደመና። የመኢአድ አባል ሆኖ በቅንጅት ስም የተወዳደረ ሰው ፓርቲ አልቀየረም። ቅንጅት ከፈረሰ በኋላ ግን እያንዳንዱ ወዴት እንደሄደ በየስሙ መፈተሽ አለበት፤ አንዱ ወደ እናት ድርጅቱ ተመለሰ፣ ሌላው አንድነትን መሠረተ፣ ሌላው ቤቱ ቀረ። የአንድነት ሕጋዊ ስም ጥር 2007 በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለአንደኛው ቡድን ሲሰጥ የሌላው ቡድን አባላት እግራቸውን ሳያነሡ ከፓርቲ ውጭ ሆኑ። እነዚህን የሚመለከት መስመር «ስም ተወሰደ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «ለቀቀ» አይባልም። ኢዜማ ግንቦት 2011 የተመሠረተው በሰባት ፓርቲዎች ውህደት ስለሆነ፣ ሰውዬው በአንዱ ፓርቲ በኩል ገባ ወይስ በግሉ ተመዘገበ ብላችሁ ጠይቁ።

በእኔ ሠንጠረዥ «ዝውውር» የሚለው ቃል የተጻፈው ከብአዴን ወደ መኢአድ በሄደበት መስመር ላይ ብቻ ነው።

ቀን ሌላው ጉድ ነው። የውጭ ጽሑፍ ላይ ያገኘነውን ዓመት በደፈናው 7 ቀንሰን እንገለብጣለን። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8። የብአዴን ስም ለውጥ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1994 ስለሆነ ጥር 1986 ነው፤ 7 የቀነሰ ግን 1987 ብሎ ከሕገ መንግሥቱ መጽደቅ ጋር ያጋጨዋል። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ፣ ከእሱ በፊት ባለው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜ 6 ቀን ስለምትሆን፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ በቀኑም ላይ አንድ ይዛነፋል። ብልጽግና የተፈረመበት ዲሴምበር 1 ቀን 2019 በሌላ ዓመት ቢሆን ኅዳር 22 ይውል ነበር፤ 2012 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ግን ኅዳር 21 ነው። እንዲህ ያለውን በበዓል አረጋግጣለሁ፦ ኅዳር ጽዮን ያን ዓመት የዋለችው ዲሴምበር 1 ነው። የአዋጅ ቁጥርም ያምታታል። የምርጫና የፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ በአማርኛው 1162/2011 ሲሆን በእንግሊዝኛው ከቁጥሩ ጎን 2019 ይላል፤ ሁለት አዋጅ አይደለም።

ስም ፍለጋ ላይ የወሎ ሰው ልዩ ትዕግሥት ይፈልጋል። «ሰይድ መሐመድ» የሚል ስም በኮምፒውተር ስትፈልጉ ሰይድና ሠይድ፣ ከዚያ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድና ሙሀመድ እያላችሁ ቢያንስ ስምንት ጊዜ መጻፍ አለባችሁ። ስምንቱንም አግኝታችሁ ደግሞ ስምንቱ ሦስት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የአያት ስም የሌለበትን መስመር በእርሳስ ጻፉት። ምሕጻረ ቃሉም በነጥብ ሲጻፍና ያለ ነጥብ ሲጻፍ ማሽኑ እንደ ሁለት ያየዋል። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ደሴና ደሴ ዙሪያ ለየቅል ናቸው። ኮምቦልቻ ብላችሁ ስትፈልጉ ምሥራቅ ሐረርጌ ያለው ኮምቦልቻ ወረዳ አብሮ ይመጣል፤ የእኛው ኮምቦልቻ ደግሞ በቆየው ወረቀት ላይ ቃሉ በሚል ስም ሥር ልታገኙት ትችላላችሁ።

የሹመት ደብዳቤ ካገኛችሁ ከላይ ያለውን ብቻ አንብባችሁ አትመልሱት። ወደ ታች ውረዱና «ግልባጭ» የሚለውን እዩ። ለፋይናንስ ግልባጭ ከሄደ ደመወዙ የተንቀሳቀሰበትን ወር ከዚያ ትደርሱበታላችሁ፤ ለድርጅት ጽሕፈት ቤት ከሄደ ሹመቱ በየት በኩል እንደመጣ ታያላችሁ። የማኅተሙን ዙሪያም አንብቡ። ስም ሲቀየር አሮጌው ማኅተምና አርማ ያለበት ወረቀት በማግሥቱ አይጣልምና፣ ማኅተሙ ከቀኑ አልገጥም ስላለ ብቻ ደብዳቤው ሐሰት ነው አትበሉ።

የመውጫ ቃላትንም መመዘን ያስፈልጋል። «ከኃላፊነት ተነሣ» ሹመትን እንጂ አባልነትን አይነካም። «ታገደ» ያለ ጋዜጣ ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ መሆኑን እየነገራችሁ ነው፤ «ተሰናበተ» ካለ ተቋጭቷል። «በሌላ ሥራ ተመደበ» ሲል ሰውዬው ድርጅቱ ውስጥ አለ። «ራሱን አገለለ» የሚለውን ግን ከሁለቱም ወገን ካልሰማሁ አልጽፈውም። የ1993ቱን የኢሕአዴግ ተሃድሶ ተከትሎ የወጡ ሰዎች ላይ እነዚህ ቃላት እንደ ጤፍና እንክርዳድ ተቀላቅለው ነው የምታገኟቸው።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚጨመር አንድ ችግር አለ። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ በጦርነቱ ተይዘው ሳሉ የደሴ ሙዚየምና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል፤ የብዙ ቢሮ ወረቀትም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ ከቢሮ ይልቅ ቤት ውስጥ ያለው ሳጥን ይሻላል፦ የአባልነት ካርድ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ከጀርባው ቀን የተጻፈበት ፎቶ። የክልሉን ውሳኔ ለማመሳከር ዝክረ ሕግና በኩር ጋዜጣ፣ ለፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣና አዲስ ዘመን አሉ፤ እነዚህ ከደሴ ውጭም ስለሚገኙ አልጠፉም።

ቃል ስትቀበሉ ዓመት አትጠይቁ። በአቦል የተነገረ ዓመት በበረካ ይቀየራል። «ጋሼ፣ ያኔ የ77ቱ ድርቅ አልፎ ነበር? ኢሕአዴግ ደሴ ከገባ በኋላ ነው በፊት?» ብትሉ ይሻላል፤ የደሴው ግንቦት 1983 ስለሆነ ከዚያ ወዲያና ወዲህ መቁጠር ይቻላል። የፓርቲውንም ስም ከመጠየቅ ምልክቱን ጠይቁ። በ1997 ማን በማን ስም እንደተወዳደረ የረሳ ሰው «ንብ ነበር ወይስ ሁለት ጣት?» ሲባል ወዲያው ይመልሳል፤ ንብ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት የቅንጅት ምልክት ነበር።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ለሰውዬው ያስነበብኩት ቀኖቹን ብቻ ነው። ሐተታዬን ቢያይ በሐተታው እንከራከርና ቀኑ ሳይታረም ይቀር ነበር። እሱ አንድ ቀን ሲለኝ ደብዳቤው ሌላ ካለ ሁለቱንም ጻፍኩ፤ የደብዳቤውን በቀለም፣ የእሱን በቅንፍ። ከጥር 2007 እስከ ግንቦት 2011 ያለው መስመር ላይ በድርጅት ዓምድ ሰረዝ ብቻ አለ። «ኢዜማ» ብለን ወደ ኋላ እንሳበው ያሉኝ ነበሩ። ፓርቲው ግን ያኔ አልነበረም፤ ሰረዙን ተውኩት።