ለማየትማ እኔም ዓይን አለኝ

"ለማየትማ እኔም ዓይን አለኝ!" እማማ እንዲህ ካሉኝ ጀምሮ ልተኛ ስል ድምፃቸው ይመጣል፣ ጥርሴን ስቦርሽ ይመጣል።

አርኪዮሎጂስት ነኝ፣ ሥራዬ እኮ የውሃ ቱቦ ሲቀበር ቦዩ ዳር ቆሞ የሚወጣውን አፈር ማየት ነው፣ የአፈሩ ቀለም ሲቀየር፣ ገል ወይ ከሰል ወይ የድንጋይ ድርድር ብቅ ሲል፣ የድሮ ሰው የተወው ሊሆን ይችላልና ቁፋሮውን ማስቆም። ካልወጣ ሰደሪያና ሄልሜት አድርጎ መገተር። እማማ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና ቦዩ ውስጥ የሚለፉትን ልጆች አይተው ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ? ይሄን የሚያህል ጎረምሳ፣ አካፋ አንሳ እንጂ!" አፌን ሳልከፍት የእስካቫተሩ ኦፕሬተር "እማማ፣ እሱ የሚያይ ነው" አላቸው። "ለዚህ ይከፈለዋል?" "አዎ።" ከዛ ያችን ነገር አሉ። ቦዩ ሙሉ ሰው ተንፈራፈረ።

ክብሬን ላድን ብዬ የሜክሲኮ ሲቲውን አመጣሁ፤ በፈረንጆቹ 1978 የመብራት ሠራተኞች ሲቆፍሩ ከ3 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክብ ቅርፅ ድንጋይ አገኙ፣ በሱ ሰበብ የአዝቴኮች ትልቁ ቤተ መቅደስ ተቆፍሮ ወጣ አልኳቸው። ኦፕሬተሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ታዲያ ያገኙት ቆፋሪዎቹ ናቸዋ!"

ይሄም ይሁን። ያልተዋጠልኝ ጃንጥላው ነው። እማማ ሊሻገሩ ብለው ጃንጥላቸውን ብድግ ሲያደርጉ እስካቫተሩ ቀጥ! ሞተሩ ሳይቀር ጠፋ! እኔ ውሉ ላይ ማህተም ያረፈበት የማስቆም ሥልጣን ያለኝ ሰውዬ እጄን ሳውለበልብ ቻው ያልኩት ይመስል ቁፋሮውን ይቀጥላል። ጃንጥላው ደግሞ አንድ ዘንጉ የተሰበረ፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ያን ይዤ ብቆም ጥርስ የሌለው ባኬት (የእስካቫተሩ መዛቂያ) በማግስቱ ይመጣልኝ ነበር፣ ባቡር አቆም ነበር፣ ደመወዜም በሰዓቱ ይገባ ነበር።

ባኬቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ጥርስ ያለው መሬቱን እየቧጠጠ የድሮ ጉድጓድ ጠርዝ ቢኖር እንኳን እንዳይለይ ያደርገዋል፣ ለዛ ነው ለስላሳውን አምጡ የምንለው፣ መልሱ ሁሌ "ነገ" ነው። ደግሞ "ጠዋት እንጀምራለን" ብለው ከኔ በፊት ይጀምሩና ስደርስ ቱቦው አሸዋ ለብሶ ተኝቷል፣ "አይተናል፣ ምንም የለውም" ይሉኛል። አይተናል! ዓይን ያለው ሁሉ አርኪዮሎጂስት ሆነ እኮ።

ማታ የቀን ሪፖርቱ ላይ "ሥራውን ያስቆመው ባለሙያ" የሚለውን ባዶ ተውኩት። ፎርማኑ ተቀብሎኝ "እማማ (ባለ ጃንጥላዋ)" ብሎ ሞላው፣ ፈረመበት፣ ላከው። አለቃዬ ደውሎ ኮስተር ብሎ "እኚህ ባለሙያ ከየትኛው ድርጅት ናቸው?" አይለኝም!