የመኪናው ኋላ ሲሸሽ
ለገጣፎ ሰፈራችን ካለው የፕሌይስቴሽን ቤት የሚመጡ ወጣቶች፣ በመኪና ውድድር ጨዋታው ግራን ቱሪስሞ 7 ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠረውን ትራክሽን ኮንትሮልንና ሌሎቹን እገዛዎች ሲያጠፉ መኪናው በፈጣን መታጠፊያ ላይ ለምን እንደሚሾርባቸው ደጋግመው ይጠይቁኛል። በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ድንጋጤ ነው። ስሙን ከቀድሞው 130 ሜትር ሬዲየሱ ባገኘው፣ በጃፓኑ የሱዙካ ውድድር መንገድ ባለው 130አር የግራ መታጠፊያ ላይ ኋላው ሲንሸራተት፣ ነዳጁን በአንዴ የለቀቀ ተጫዋች ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎች ያሻግራል፤ የኋላዎቹም ቀልለው አስፋልቱን የመያዝ አቅማቸውን ስለሚያጡ፣ ሊድን ይችል የነበረው መኪና ይዞራል። ፍሬን መያዝማ ጭራሽ ያባብሰዋል።

ስለዚህ አር2 ላይ (የነዳጁ ቁልፍ ላይ) ያለው ጣት በጥቂቱ ብቻ ይላላ፤ መሪውም ኋላው ወደሚሸሽበት፣ እዚህ ላይ ወደ ቀኝ፣ ወዲያውኑ ግን በመጠኑ ይዙር። እስከዚህ ድረስ ብዙዎች ያውቁታል፤ የሚሸነፉት ከዚያ በኋላ ነው። ኋላው መመለስ እንደጀመረ መሪውን የሚያዞረው የግራው ስቲክ አብሮ ወደ መሐል ካልተመለሰ፣ ጎማዎቹ አስፋልቱን እንደገና ሲይዙ መኪናው በተቃራኒው አቅጣጫ ይወረወራል፤ ይህ ሁለተኛው ውርወራ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ዓይንም ከአጥሩ ላይ ተነስቶ መውጫው ላይ መተከል አለበት።

የኋላ ክንፉን ዳውንፎርስ፣ ማለትም አየር መኪናውን ወደ መሬት የሚጫንበትን ኃይል፣ መጨመርም በእጅጉ ይረዳል። በቀጥታው መንገድ ላይ ጥቂት ፍጥነት ያስከፍላል፤ እኔ ግን ሳላቅማማ እከፍላለሁ።