የምድጃ ብርጭቆን በእጅ ማለስለስ
አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ከሚቺጋን ሐይቅ ዳርቻ ለቅሞ ደብረ ማርቆስ ድረስ ያመጣልኝ ሰማያዊ ድንጋይ፣ እውነቱን ለመናገር ድንጋይ አይደለም። ሌላንድ በምትባል ቦታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብረት ሲቀልጥ ከላይ ተንሳፎ የወጣ፣ ሲቀዘቅዝ ብርጭቆ ሆኖ የቀረ ቆሻሻ ነው። ለጀማሪ ይመቻል የሚሉትን አልቀበልም። ውስጡ አረፋ ስለሆነ በተፋቀ ቁጥር አዲስ ጉድጓድ ይከፈታል። እኔ እጄን ያፍታታሁት በቢራ ጠርሙስ ቂጥ ነው።

የቆረጥኩት ሴራሚክ አንጣፊዎች በሚጠቀሙበት፣ ውሃ መያዣ ባለው የአልማዝ ዲስክ ማሽን ነው። ተራ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ከኤሌክትሪክ ጋር መቀለድ ነው፤ ያለ ውሃ ከተቆረጠ ደግሞ ብርጭቆው በሙቀት ይሰነጠቃል፣ ብናኙም ሳንባ ይጎዳል። ዲስኩ ቆርጦ ሊወጣ ሲል ግፊቱን አላላለሁ፤ ጫፉ የሚሸረፈው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ውሃ የማይጎዳው ብርጭቆ ወረቀት አንጥፌ በቁጥር 120 ጀመርኩ (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ይልማል)፤ ከዚያ 220፣ 400፣ 800፣ 1500 እና 2000። ሹል ጠርዙን አስቀድሞ ማደብዘዝ ይገባል፤ አለዚያ ከጠርዙ የምትረግፍ ፍንካች ወረቀቱ ላይ ተንከባልላ ፊቱን ትቧጭረዋለች።

ዋናው ልፋት 220 ላይ ነው። እዚያ የታለፈ ጭረት በ2000 አይጠፋም፤ እንዲያውም ዙሪያው ሲያበራ እርሱ ጎልቶ ይወጣል። በ120 ከግራ ወደ ቀኝ ከፋቅሁ በ220 ከላይ ወደ ታች እፍቃለሁ፤ የፊተኛው መስመር ጨርሶ ሲጠፋ ብቻ ብርጭቆውንም እጄንም ታጥቤ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ምርመራው መስኮት አጠገብ፣ ደርቆ ነው። እርጥብ ብርጭቆ ውሸታም ነው፤ ውሃው ጭረቱን ሞልቶ ሥራው ያለቀ ያስመስላል።

ማብረቂያው ሴሪየም ኦክሳይድ፣ የመኪና መስታወት ጭረት ለማጥፋትም የሚያገለግል ዱቄት ነው። እንደ አጥሚት አቅጥኜ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ቀባሁት። ብርሃኑ የሚመጣው ቆዳው ሊደርቅ ሲቃረብና ብርጭቆውን ያዝ ያዝ ሲያደርገው ነው፤ ጨርሶ ሳይደርቅ ግን ውሃ ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል። ዱቄቱ የአረፋ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አይወጣምና አስቀድሜ በጧፍ ሰም ደፈንኳቸው፤ ኋላ በስንጥር ይወጣል።

ቀጣዩ ከደጀን ቁልቁለት ያነሳሁት ኬልቄዶን የሚባል የኳርትዝ ዓይነት ድንጋይ ነው። ብርጭቆ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 5.5 አካባቢ ሲሆን እርሱ ወደ 7 ስለሚጠጋ፣ የአልማዝ ወረቀት እያፈላለግሁ ነው።