የአሮጌ ኮሮላ ቴስታታ ጓርኒሲዮን፦ ሙሉ ሞተር ሳይወርድ እንዴት እንደጠገንኩት

ውሃ የምትጠጣ አሮጌ ኮሮላ ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው አንድ ፍርድ ነው፤ «ሞተሩ ይውረድ።» መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ አሮጌዋን ሸጦ ሌላ መግዛት ለብዙ ሰው የሚታሰብ አይደለም። ያለችውን መጠገን ግድ ከሆነ ገንዘቡ ትክክለኛው ብልሽት ላይ መዋል አለበት።

የምጽፈው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ስለተሠራች ኮሮላ፣ ባለ 1.6 ሊትሩ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ነው። ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ብረት፣ ቴስታታው (በላዩ የሚከደነው ጭንቅላት) አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ስለሚለጠጥ ሞተሩ ከልኩ በላይ በሞቀ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ማለትም ጓርኒሲዮኑ፣ ይፈተጋል፣ ቴስታታውም ይጣመማል። የሚሰጡት ቁጥሮች የዚህ ሞተር ናቸው፤ ሌላ ሞተር ያለው ሰው የራሱን ማኑዋል ይይ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ምርመራ ነው፤ አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ውሃውን እስከ አፉ ሞላሁና አስነሳሁ። ተርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ሳይከፈት፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ ከሰጠ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ሞተሩ ሳይሞቅ በእጅ ሲጨበጥ ከደደረም ምልክቱ ያው ነው። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ በሦስት ሲሊንደር መሥራት፣ ነጭ ጭስ፣ ቀዳዳ ሳይታይ የሚጎድል ውሃ፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ወደ ጓርኒሲዮኑ ያመለክታሉ። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ወተት የመሰለ ቅባት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በክረምት አጭር አጭር መንገድ በምትሄድ ጤነኛ መኪናም ላይ እርጥበት ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እዚያው ይጋገራል። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይም ከታየ ያን ጊዜ አሳሳቢ ነው።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ መለካት። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል። የቶዮታ ማኑዋል ለዚህ ሞተር 191 ፒኤስአይ መደበኛ፣ 142 ዝቅተኛው ነው ይላል፤ ቁጥሩ ግን ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ጌጁም ከመጽሐፉ ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ዝቅ ብሎ ያነባል። ስለዚህ እዚህ 150 አካባቢ የሚያሳይ ሲሊንደር ደህና ነው። «145 ብቻ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» የሚል መካኒክ የመጽሐፉን መደበኛ ቁጥር እንጂ ከፍታውን አላሰበም። ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም።

አለካኩም ራሱን የቻለ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች (የእሳት መስጫዎቹ) ወጥተው፣ እሳት የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተሩ ሶኬት ተነቅሎ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይዞራል። ከሶኬቱ በቀር ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከጎደለ ንባቡ ይወርዳል። በእኔ መኪና 1ኛውና 4ኛው ከ145 በላይ፣ ጎረቤታሞቹ 2ኛና 3ኛ ግን ከ70 በታች አነበቡ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሬ እንደገና ስለካ ቁጥሩ አልጨመረም። በዘይት ቢጨምር ኖሮ ጥፋቱ ፋሻው ነበር፤ ያኔ ቴስታታ ብቻ ከፍቶ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው፣ ወይ ሙሉ ሥራ ወይ ያገለገለ ግማሽ ሞተር ይታሰባል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ሲወድቁና ዘይት ሳያነሳቸው ሲቀር በመካከላቸው ያለው የጓርኒሲዮን ድልድይ ተቃጥሏል ማለት ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፎ ለመካኒኩ ማሳየት የሥራውን ስፋት ይወስናል፤ ሞተሩ መኪናው ላይ እንዳለ ቴስታታው ብቻ ይነሳል።

ጓርኒሲዮን እንዲሁ አይቃጠልም። ምክንያቱን ሳያገኝ የሚዘጋ ሰው ያንኑ ሥራ ደግሞ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በጣም ርካሹ ዕቃ ነው፤ የራዲያተር ክዳን። በአዲስ አበባ ከፍታ ያልታሸገ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኮሮላዋ ፋን ደግሞ የሚነሳው ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቆመ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ ይፈላል። ላዩ ላይ 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ናዝሬት ወይም ድሬዳዋ ላይ ያልታየ ችግር አዲስ አበባ ላይ የሚታየው ለዚህም ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ሳያወላውሉ መቀየር ነው።

ሁለተኛው ተርሞስታት ነው። «ይሄ ለቀዝቃዛ አገር ነው» ብሎ አውጥቶ መጣል የቆየ ልማድ ነው፤ ጎጂም ነው። የዚህ ሞተር ተርሞስታት ሁለት ሥራ አለው። ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ የውሃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። በሜዳ ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ቤንዚን ይበላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይሞቃል። አዲሱን ከመግጠሜ በፊት ከቴርሞሜትር ጋር ማሰሮ ውስጥ አንጠልጥዬ አሞቅኩት፤ ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መከፈት መጀመር አለበት። ሲገጠም ትንሿ የአየር መውጫ ወደ ላይ ትሁን።

ቀሪው በፍጥነት የሚታይ ነው። የውሃ ፓምፑ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ይዞራል፤ የላላ ቺንጋ ሁለቱንም ያደክማል። ራዲያተሩ ከውጭ በአቧራና በነፍሳት፣ ከውስጥ በቧንቧ ውሃ ዝገት ይደፈናል። የራዲያተር ማሸጊያ ዱቄት ተጨምሮበት ከነበረ ደግሞ ቀጫጭን ቱቦዎቹ ስለሚዘጉ ራዲያተር ቤት ተወስዶ መከፈት አለበት።

ዕቃ ስገዛ በሁለት ዙር ከፈልኩት። ቴስታታው ከመነሳቱ በፊት የላይኛውን ጓርኒሲዮን ሴት፣ ታይሚንግ ቺንጋ ከመወጠሪያው ጋር፣ የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና የክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የፊት ዘይት ማኅተሞች፣ ተርሞስታት፣ ክዳን፣ ሁለቱን የራዲያተር ጎማዎች፣ የዘይት ፊልትሮ፣ አራት ካንዴላ፣ ለሁለት ጊዜ የሚሆን ዘይት (በአንድ ቅያሪ 3 ሊትር አካባቢ) እና ኩላንት ገዛሁ። ቫልቭና ጋይድ (የቫልቩ መሄጃ ቱቦ) ግን ቴስታታው ተፈትሾ ሳይታወቅ አይገዛም። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ መፈለጊያ ነው፤ ያገለገለ ዲስትሪቢዩተር ወይም የፋን ሞተር ቢገዛ ምንም አይደለም። ጓርኒሲዮን፣ ማኅተምና ቺንጋ ግን አዲስ ብቻ ይሁኑ። ፎርጂዱን ጓርኒሲዮን ለመለየት አሮጌው ላይ አስተኝቶ ቀዳዳ ለቀዳዳ ማስተያየት ጥሩ ነው። የሲሊንደር ቀለበቶቹ ብረት ወጥ ካልሆነ፣ የዘይት ቀዳዳው ጫፍ ከተቦጫጨቀ ወይም ሽፋኑ በጥፍር ከተላጠ ይመለስ። ታይሚንግ ቺንጋው ለማንኛውም በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ስለሆነና ለዚህ ሥራ የግድ ስለሚወልቅ አሁን ካልተቀየረ የጉልበቱ ዋጋ በኋላ እንደገና ይከፈላል።

አፈታቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ላጥብቅ። የካምሻፍቱን ጥንድ ጥርስ ከመፍታት በፊት በ6 ሚሊሜትር ብሎን ማሰር ያስፈልጋል፣ አለዚያ በጥርሶቹ መካከል ያለው ስፕሪንግ ይላቀቃል። አሥሩ የቴስታታ ብሎኖች ደግሞ ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከዳር ወደ መሐል፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት እየተፈቱ ይውጡ። ትኩስ ሞተር ላይ ወይም ከአንድ ወገን ጀምሮ መፍታት ደህናውን ቴስታታ ያጣምማል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሁለት ዓይነት ነው። ባለ 90 ሚሊሜትሮቹ በአየር ማስገቢያው ወገን፣ ባለ 108ቶቹ በጭስ መውጫው ወገን ይገባሉ። ከካርቶን ላይ ቦታቸውን ሥዬ በየቀዳዳቸው ሰካኋቸው።

ቶርኖ ቤት ከመሄዴ በፊት የቴስታታውን ፊት በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች) ራሴ ለካሁ፤ በርዝመት፣ በወርድና በሁለቱም ሰያፍ። ከሞኖብሎኩ ጋር በሚገናኘው ፊት የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ካላለፈ መላጨት አያስፈልግም፣ ካለፈም ቀጥ እስኪል ድረስ ብቻ ይላጭ። ከመላጨቱ በፊት ግን በግፊት ይፈተሽ፤ ስንጥቅ ያለበትን ቴስታታ ላጭቶ ማስከፈል ትርጉም የለውም። ስንጥቅ የሚበዛው በሁለት ቫልቮች መቀመጫ መካከል ነው። የመላጨት፣ የግፊት ፍተሻና የቫልቭ ሥራ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ።

የሞኖብሎኩ ፊት ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። አሮጌውን ጓርኒሲዮን በሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ማጽዳት ፈጣን ይመስላል። የሚረግፈው ደቃቅ አሸዋ ግን በዘይት መንገድ ገብቶ ብሮንዚኑን (የክራንክሻፍቱን መቀመጫ) ይበላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ማንም ከዚያ ቀን ሥራ ጋር አያያይዘውም። ሲሊንደሮቹንና የዘይት ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ደፍኜ በምላጭና በቤንዚን አጸዳሁት። የብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረውን ውሃና ዘይት በአየር ማስወጣት ያስፈልጋል። ቀዳዳው ሥር ፈሳሽ ካለ ብሎኑ ሲገባ መሄጃ ስለሚያጣ ጠበቀ ያስመስላል፣ ሲብስም ሞኖብሎኩን ይሰነጥቃል።

ጓርኒሲዮኑ ደረቅ ሆኖ ይቀመጣል። ሲሊኮን አይቀባም፣ ሁለት አይደረብም። የብሎኖቹን ጥርስና ከጭንቅላታቸው ሥር በጥቂቱ ዘይት ነክቼ ከመሐል ወደ ዳር በሦስት ደረጃ አጠበቅኳቸው፦ መጀመሪያ ሁሉም በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ጭንቅላት የፊት ጫፍ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎ 90 ዲግሪ፣ እንደገና ሌላ 90 ዲግሪ። ምልክቱ በመጨረሻ ወደ ኋላ ዞሮ መታየት አለበት። ብዙ ጋራዥ በእጅ ስሜት ያጠብቃል፤ ልምድ ያለው እጅ እንኳ አሥሩን እኩል አያደርግም። ቶርክ መፍቻ የሌለው ጋራዥ ለጎማ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አዲስ ብሎን ካልተገኘ አሮጌዎቹን ጎን ለጎን አቁሞ ማስተያየት ነው፤ ከመሰሎቹ የረዘመ ወይም ወገቡ የቀጠነ ይጣል።

ካምሻፍቱ ከገባ በኋላ፣ በተለይ ቴስታታው ከተላጨ ወይም ቫልቭ ከተሠራ፣ የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛው ይለካል፤ ማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ ማስወጫው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊሜትር። የታይሚንግ ምልክቶቹ ገጥመው ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ ምልክቶቹ ዳግም ካልተገናኙ የማስነሻ ቁልፍ አይነካም።

ውሃ አሞላሉ ቀላል ቢመስልም አዲሱን ጓርኒሲዮን የሚያቃጥለው አየር እዚህ ነው የሚቀረው። የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙሬ፣ የካቢን ማሞቂያውን እስከ ጥጉ ከፍቼ፣ ኩላንቱን ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅዬ ቀስ እያልኩ ሞላሁ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ የታችኛው ጎማ እስኪሞቅና ፋኑ እስኪነሳ ድረስ አስነስቶ መጠበቅ፣ በጎደለው ልክ መጨመር፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ማየት። ማሞቂያው ሞቃት አየር ካልሰጠ ውስጡ አየር አለ። ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ከነበረ የመጀመሪያው ዘይት ለእጥበት ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ከነፊልትሮው ይቀየራል።

ፈተናው የእንጦጦ ዳገት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ አባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ደግሞ የበለጠ ይፈትናል፤ ግን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በከተማ ሳትሠራ አይመከርም። መንገድ ላይ የሙቀት ጌጁ ከመሐል ካለፈ ኤሲ መዝጋት፣ ማሞቂያ መክፈት፣ ቶሎ መቆም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታ ይሰነጥቃል፤ ክዳኑም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም።

ከጋራዥ ጋር ያለውን ነገር በተመለከተ፦ የጉልበት፣ የዕቃና የቶርኖ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ፣ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ በሙሉ ይመለስ። የተቃጠለው ጓርኒሲዮን በእጅ ከገባ ድልድዩ የት እንደተበላ በዓይን ይታያል፤ ከኮምፕሬሽኑ ወረቀት ጋር መግጠም አለበት። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ «ብሎኑ እንደገና ይጥበቅ» የሚል ካለ ደግሞ ለዚህ ሞተር አይሠራም። በዲግሪ የጠበቀ ብሎን ደግሞ አይነካም፤ የሚታየው የኩላንቱ መጠን በቀዝቃዛው ሞተር ላይ ነው፣ በማጠራቀሚያው ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎ።